ገና ያልተማሩት እናት

ፍሪጅ ጠጋኙን ቁርስ ላይ እንዳለ አስነጠሰው፤ አንዴ ከጀመረው ደግሞ በቀላሉ የሚለቀው ዓይነት አልነበረም። እናቱ ከማድ ቤት፣ ብቻቸውን ከተቀመጡባት በርጩማ ላይ ሆነው፣ «ይማርህ ልጄ!» አሉ። ይኼ ማንም እናት ሳታስበው የምትለው ነገር ነው። ከሳሎን ግን ያልጠበቁት መልስ መጣላቸው። «እሱስ ተምሯል» አለች ምራታቸው፣ ለባሏ እንጂ ለእሳቸው ባልሆነ ድምፅ። ልጃቸውም ቃሉን ዝቅ አድርጎ፣ ቀጭኑ በር ግን ምንም ሳያስቀር እያሳለፈው፣ «ያልተማረችው እናቴ ናት እንጂ» አለ። «ምን ላድርግ? እስክትማር ድረስ ከእኛ ጋር ማዕድ መቅረብ አትችልም። ልጅቷንም ማቀፍ አትችልም። ያልተማረ ያልተማረ ነው፣ እናትም ብትሆን።»

እናትየዋ፣ እማማ ቁልፍ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ፈዘው ቀሩ። ለካ ነገሩ ይኼ ኖሯል! ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ቤት ከገቡ ጀምሮ ያልገባቸው ሁሉ አሁን ፍንትው ብሎ ታያቸው። ምግብ ለብቻቸው በትሪ ማድ ቤት ሲቀርብላቸው ምራቴ ታከብረኛለች ብለው ነበር። የልጅ ልጃቸውን ሚጢጢን ለመታቀፍ እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር «ልትተኛ ነው»፣ «ገና መንቃቷ ነው»፣ «ጉንፋን ይዟታል» ሲባሉ፣ የመጀመሪያ ልጅ ነገር ነው፣ ይሳሳሉ ብለው አለፉት። እናቲቱ ሥራ ስትሄድ ሕፃኗን እቤት ቁጭ ብለው ለሚውሉት አያት መተው ሲገባት፣ በጠዋቱ ጠቅልላ እሷና ባሏ የሚሄዱበት ጉባኤ የሕፃናት ማቆያ ወስዳ ስታስረክብ እንኳ ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ለካ አልተማሩም! ልጃቸው አልማራቸውም! የሆነ የበደሉት ነገር አለ፣ እሱም በሆዱ ይዞት ኖሯል፣ እስኪምራቸው ድረስም ከማዕዱና ከልጁ እንዲርቁ ፈርዶባቸዋል።

ቃሉ ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆን ብለው ለአፍታም አላሰቡም። ስለ ቀለም ትምህርት እንዳይባል፣ እማማ ቁልፍ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያለፉ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቁልፍ የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ገበያ መሃል በምትገኝ ሳጥን የምታህል ሱቅ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የሸሚዝና የኮት ቁልፍ ሲሸጡ ስለኖሩ ነው። ስማቸውን ብቻ ሰምቶ የተቆለፈ ሻንጣ ታቅፎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር፤ እሳቸውም «ወንድሜ፣ የኔ ቁልፍ የሚዘጋው ሆድ ነው» ብለው እያሳቁ ይመልሱታል። ቋንቋችን አንዳንዴ ለሁለት ነገር አንድ ልብስ ያለብሳል፤ የትኛው እንደመጣ የሚታወቀው በሩን የከፈተው ሰው ማንን ይጠብቅ እንደነበር ሲታወቅ ነው። እማማ ቁልፍ በዚያ ጠዋት ይማርህ ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ የሰሙት ቃል ስለሆነ፣ የመጣው ምሕረት ነው ብለው ተቀበሉት።

እውነቱ ሌላ ነበር። ፍሪጅ ጠጋኙና ሚስቱ የገቡበት ጉባኤ በአባላቱ ዘንድ «የትምህርቱ ቤት» ይባላል። የክርስቶስን ስም ይጠራል፣ ይዘምራል፣ ይጸልያል፤ ነገር ግን ሰው የሚድነው በትምህርት ነው ይላል፣ ያውም በመምህሩ ትምህርት፣ ያውም በሰባት ክፍል። አንደኛ ክፍል ያለው ለሁለተኛ ክፍሉ ወንበር ይለቃል። አራተኛ ያልደረሰ ሰው ያለ ክፍል አለቃው ፈቃድ ማግባት፣ ቤት መቀየር፣ ሌላው ቀርቶ የመጋረጃ ቀለም መምረጥ አይችልም፤ የፍሪጅ ጠጋኙ ሳሎን መጋረጃ የደረቀ አመድ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ፈተና የወደቀ ይደግማል። ያልተመዘገበ ደግሞ ዘመድም ቢሆን «ያልተማረ» ተብሎ ከማዕድ ይለያል። ስድስተኛን የጨረሰ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። በሰባተኛ ክፍል ተማሪውም አስተማሪውም መምህሩ ብቻ ነው፤ በየዓመቱም አንደኛ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሕግ ግን ያልተማረ ሰው በገዛ አፉ ካልጠየቀ በቀር ስለ ትምህርቱ እንዳይነገረው የሚከለክለው ነው። ስለዚህ ልጅየው እናቱ እስኪጠይቁት ይጠብቃል፣ እናትየዋም ልጃቸው እስኪናገር ይጠብቃሉ። እንዲህ ሲጠባበቁ በመካከላቸው ያለው ዝምታ ወፍሮ ከቤቱ ዕቃ እንደ አንዱ ሆኖ ነበር።

ባልና ሚስት ሕፃኗን ይዘው ሲወጡ እማማ ቁልፍ ዕቃ እያጠቡ በደላቸውን ፍለጋ ገቡ። መጀመሪያ ትዝ ያላቸው ጥፊው ነው። ልጃቸው ሕፃን ሳለ አንዲት የምታብረቀርቅ ቁልፍ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አስሮጧቸዋል። ቁልፏ እንደወጣች በጥፊ አሉት፣ ቁልፏንም አጥበው ሸጧት። ከዚያ የትምህርት ቤት ሸሚዙ ትዝ አላቸው። ሱቅ ውስጥ የተረፈውን እያለቃቀሙ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቁልፍ ደርድረው ስለተከሉለት ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ «ትራፊክ መብራት» ሲሉት ከርመዋል። ቀጥሎ ሠርጉ። ሙሽሪትን ገና እንዳዩዋት አጠገባቸው ለነበረች ሴት «ነፋስ እንዳይወስዳት ኪሷ ድንጋይ ክተቱላት» ብለው ነበር፤ ሴትየዋ ደግሞ የሙሽሪት አክስት ሆና ተገኘች። እስከዚህ ድረስ እማማ ቁልፍ ሰሃን እያለቀለቁ ብቻቸውን ፈገግ ይሉ ነበር።

ድስቱ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። ባላቸው የመጨረሻውን ሕመም ሲታመሙ ልጃቸው ሌላ ከተማ ለሙያ ፈተናው ተቀምጦ ነበር። እማማ ቁልፍ ፈተናውን ጥሎ እንዳይመጣ ብለው አልነገሩትም። ዛሬ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል ሲሉ ሰውየው አረፉ። ልጁ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የአባቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሁለቱም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እማማ ቁልፍ ድስቱን አስቀምጠው እጃቸውን አደራረቁና ልብሳቸውን ሊቀይሩ ሄዱ። ይቅርታ መጠየቅ ካለባቸው ዛሬውኑ ነው፤ ሚጢጢ አድጋ ስማቸውን እስክትጠይቅ አይጠብቁም።

ባዶ እጅ ይቅርታ መጠየቅ ስለማይሆንላቸው መንገድ ላይ ሙዝ ሊገዙ ቆሙ። ሻጯ የጠራችውን ዋጋ ሲሰሙ «ምነው ልጄ፣ ወርቅ ቀባሽው እንዴ?» አሉ። «እኔ ምን ላድርግ እማማ፣ ትናንት እንኳ እንዲህ አልነበረም» አለች። «ለዕርቅ ነው እኮ የምወስደው።» ሻጯ ሳቀች። «ለዕርቅ ከሆነማ» ብላ ዋጋውን ቀነሰችላቸው፣ ምራቂም ጨመረችላቸው፤ «ታረቁና ደግሞ ነገ ለደስታው ይምጡ» ብላም ሸኘቻቸው። እማማ ቁልፍ ይኼን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠሩት።

የልጃቸው ሱቅ ውስጥ የሞቱና ሊሞቱ የደረሱ ፍሪጆች በራቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። አንዱ ጥግ ላይ አንድ ሞተር እንደተናደደ ንብ ይጮሃል። ፍሪጅ ጠጋኙ በደረቱ ተኝቶ ከአንዱ ፍሪጅ ጀርባ ሽቦ ሲያገናኝ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ልጄ» አሉ እማማ ቁልፍ፣ ሙዙን አንድ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጠው። «መማር እፈልጋለሁ።»

ፍሪጅ ጠጋኙ ሲነሳ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አጋጨው። «ምን አልሽ እማዬ?»

«መማር እፈልጋለሁ አልኩህ። ጠዋት የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ ሳልጠይቅህ መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው።»

የልጁ ዓይን እንባ ሞላ። ግራሶ የነካ እጁን እያራቀ በክንዱ ብቻ አቀፋቸው። «እማዬ! እኔ እኮ ይህችን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት! ዝም ያልኩሽ አንቺው እስክትጠይቂኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የምማረው?»

«ዛሬ! ዛሬ ከሰዓት የአዲሶች ቀን ነው። ጉባኤው ፊት ትቀርቢያለሽ።»

«ሰው ፊት?» እማማ ቁልፍ ደነገጡ። «እዚሁ እኔና አንተ ብንጨርሰውስ?»

«እኔ ማነኝና? እሱ የመምህሩ ሥልጣን ነው።»

«ይሁን» አሉ፤ ልጃቸው አስታራቂ ሽማግሌ ቢያስቀምጥም ይገባዋል ብለው አሰቡ። «ብዙ ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ሰዉ ነው። ዓመታት የሚፈጅበት አለ። እያቃተው የሚደግምም አለ።»

«ውይ! ያ ሰው ምን ቢያጠፋ ነው!» አሉ እማማ ቁልፍ፤ ሞተሩ ግን ጩኸቱን ጨምሮ ስለነበር ፍሪጅ ጠጋኙ አልሰማቸውም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሙዙን ሱቁ ውስጥ ቆመው በሉ። ልጁ በትምህርቱ ቤት ሕግ ይኼም ማዕድ መሆኑ ትዝ ያለው ልጣጩን ሲጥል ነው፣ ያን ጊዜም ሳይናገር ዋጠው።

የትምህርቱ ቤት የሚሰበሰበው ቀድሞ የመኪና ዕቃ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነው፤ የዘይት ሽታው ገና አለቀቀውም። የፕላስቲክ ወንበሮቹ በየክፍሉ ቀለማቸው ይለያያል። አዲሶቹን ከፊት ለፊት ነጭ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ፍሪጅ ጠጋኙ ከሦስተኛ ክፍሎቹ ጋር ሰማያዊ ወንበር ላይ ሆኖ አንገቱን እያሰገገ እናቱን ያያል። ምራታቸው በሥራዋ መውጫ ሰዓት መጥታ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ማቆያ ተራዋ ስለሆነ ሕፃናቱን ትጠብቃለች፤ እዚያም ድምፅ ማጉያ ስላለ ምንም አያመልጣትም። እማማ ቁልፍ ግራ ቀኙን ሲያዩ የሰዉ ፊት ሁሉ የፈተና ቀን ፊት ሆነባቸው። ይኼ ሁሉ ሰው ያልተማረ ከሆነ የዚህ ከተማ ሰው ምን ያህል ቢበዳደል ነው ብለው አዘኑ።

መምህሩ ሞላ ያለ፣ ልብሱ የጸዳ፣ ድምፁ የሚጥም ሰው ነው። በአዲሶች ቀን ሁልጊዜ የሚጀምረው በራሱ ታሪክ ስለሆነ ነባሮቹ በቃላቸው ያውቁታል። «እኔም እንደናንተ ያልተማርኩ ነበርኩ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ወንድሜን በደልኩት። የአባታችንን ቤት ብቻዬን ሸጬ እሱን ሜዳ ላይ ጣልኩት። በደሌ ከበደኝ። መሬት ላይ ተደፍቼ፣ ማረኝ! ማረኝ! ማረኝ! እያልኩ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ድምፅ ከላይ መጣልኝ። ምን አለኝ?»

«ተምረሃል!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

«ተምረሃል! አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ…»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሆነውን በዚያን ቀን የሰማ የለም፤ እማማ ቁልፍ ብድግ ብለው ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። «እሰይ!» አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! እንኳን ማረህ!» አንደኛው የክፍል አለቃ ሊያስቀምጣቸው እጁን ቢዘረጋም፣ ሰላምታ መስሏቸው ጨብጠውት አለፉ። መድረኩ ላይ ወጡና መምህሩን ግራ ቀኝ ጉንጩን ሳሙት። ዞር ብለውም ጉባኤውን በወቀሳ ዓይን አዩት። «ምነው ዝም አላችሁ? ሰው ተምሮ ዝም ይባላል?»

መምህሩ ማይክራፎኑን ከአፉ ማራቅ ረሳ። «እናቴ፣ ተማርኩ ስል እኮ… ትምህርቱ፣ ዕውቀቱ ገባኝ ማለቴ ነው።»

«የምን ዕውቀት?» አሉ እማማ ቁልፍ። «ምን ብለህ ነበር የምታለቅሰው?»

«ማረኝ ብዬ።»

«ምን አለህ?»

መምህሩ አፉን ከፈተ። ስንት ዘመን በኩራት ሲናገረው የኖረው ቃል ምላሱ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተገላበጠ። «ተምረሃል» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«በቃ! ማረኝ አልከው፣ ተምረሃል አለህ። ሌላ ምን ይበልህ?»

አዳራሹ ውስጥ የሰፈነው ዝምታ የጣሪያው ማራገቢያ ዘይት እንደሚያስፈልገው ለሁሉም አሳወቀ። ከዚያ ከአራተኛ ክፍሎቹ መካከል፣ ያችኑ አራተኛን ደጋግሞ የወደቀ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ «ማረኝ ብሎ… ተምረሃል…» ብሎ ለራሱ አጉረመረመና አፉን በእጁ ያዘ። ሳቁ ግን በአፍንጫው ወጣ። አጠገቡ ያለችው ሴት ምን እንደሆነ ጠየቀችው፣ ነገራት፣ እሷም ቀጥሎ ላለው ነገረች፤ ቃሉ ከቢጫው ወንበር ወደ ሰማያዊው፣ ከሰማያዊው ወደ አረንጓዴው ሄደ። የገባው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን ያፈጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል። አንዳንዱ ሳቁን ሳይጨርስ ማልቀስ ጀመረ። የክፍል አለቆቹ «ጸጥታ!» ይላሉ፣ ግን ከእነሱም አንዱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እማማ ቁልፍ ምን እንደሚያስቅ አልገባቸውም፤ ሰዉ ፊቱ በመፈታቱ ግን ደስ አላቸው። «ወንድምህስ?» አሉት መምህሩን፣ እጁን እንደያዙ። «ሄደህ ነገርከው? ደስ አይለውም?»

«ወንድሜ…» አለ መምህሩ፣ ከለመደው መልስ ሌላ ስላልመጣለት፣ «ወንድሜ ገና አልተማረም።»

«እሱ ምን አጥፍቶ ነው የሚማረው! ቤቱን የሸጥከው አንተ!»

ይኼን ጊዜ አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቻላል። የተሰማው ሳቅ መጋዘኑ ከተሠራ ወዲህ ያልተሳቀ ነበር። ሰው ከወንበሩ ተነሳ፣ የቀለሙ ተራ ተደባለቀ፣ አንደኛ ክፍሎች ስድስተኛ ክፍሎችን አቀፉ። መዘምራኑ ይዘምሩ ተብሎ ምልክት ቢሰጣቸውም ድምፃቸው አልወጣ አለ። ኮስተር ብለው የቀሩ፣ ጆሯቸውን የያዙም ነበሩ፤ እነሱ የሚመጣው ሳምንት ለዚህ ሁሉ መልስ እንደሚኖረው ተስፋ አድርገው በጊዜ ወጡ። መምህሩም በጎን በር ወጣ። እማማ ቁልፍና ልጃቸው ወደ መንገዱ ሲወጡ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ስልኩን ይዞ፣ ሳይደውልም ሳያስቀምጠውም አዩት። እማማ ቁልፍ «አይዞህ!» ብለው እጃቸውን አወዛወዙለት።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ብዙ ሄዱ። ፍሪጅ ጠጋኙ ሦስት ክፍል ሙሉ ያጠናው ነገር ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ልቅ ብሎን ይንኳኳ ነበር። «እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «እስቲ ልጠይቅሽ። ሱቅ መጥተሽ መማር እፈልጋለሁ ስትዪኝ ምን ማለትሽ ነበር?»

«እንድትምረኝ ነዋ!»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማን? ጠዋት አልተማረችም፣ ማዕድ አትቀርብም ስትል እኮ በጆሮዬ ሰማሁህ። ቀኑን ሙሉ ምን አድርጌው ይሆን ስል ነው የዋልኩት።» ከዚያ ዘረዘሩለት፤ የአፍንጫውን ቁልፍ፣ ጥፊውን፣ ትራፊክ መብራቱን፣ የሙሽሪትን አክስት። ልጃቸው መንገዱ ዳር የስልክ እንጨት ተደግፎ እስኪያመው ሳቀ፤ አላፊ አግዳሚው ጤንነቱን እስኪጠራጠር። «የአባትህንም» አሉ እማማ ቁልፍ። «ሳልነግርህ የቀረሁትን።»

ፍሪጅ ጠጋኙ ሳቁን አቆመ። «እሱንስ ይዤብሽ ነበር» አለ። «አይ፣ ይዤብሽ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። ትምህርቱ ቤት ውስጥ እናትህን ከማዕድ ለይ ሲሉኝ፣ ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ እኔን አልከበደኝም። እምነቴ ጠንካራ ስለሆነ ነው ብለው አወደሱኝ። ለካ እምነት አልነበረም። እንዲያ የቀለለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።»

እማማ ቁልፍ እጁን ያዙት። አልቅሰው ሊናገሩ ያሰቡት ብዙ ነበር፣ ግን የወጣላቸው «አሁንስ?» የሚለው ብቻ ነው።

«አሁን ምሬሻለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ፈተና የለውም?»

ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ እንደገና ሳቁ። «አንቺም ማሪኝ እማዬ። ማድ ቤት ያስቀመጥኩሽን» አለ። «አንተማ ድሮ» አሉት፣ «አንተ እንኳ ሳትጠይቅ።» የቀረውን መንገድ ክንዱን ይዘው፣ ስለ ፍሪጅ ዋጋ እያወሩ ጨረሱት።

ቤት ሲደርሱ ምራታቸው ቀድማ ገብታለች። ሾርባና ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አቅርባለች፣ የሰሃኖቹ ቁጥር ግን ግራ እንደገባት ያስታውቃል፤ አንዱ ሰሃን ጠረጴዛውም ላይ ያልሆነ፣ ትሪውም ላይ ያልሆነ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚጢጢን ታቅፋ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ባሏን አላየችውም። «ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ እኮ እማማ» አለች፣ ድምፏ እየተቆራረጠ። «ለመጨረስ የቀረኝ ጥቂት ነበር። ስንቱን በቃሌ ያዝኩ፣ ስንቱን ተውኩ። እናቴን እንኳ… ያልተማረች ናት ብዬ ከተለየኋት ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ይኼ ሁሉ በነጻ የሚገኝ ነገር ከነበረ እኔ ምን ስሠራ ነው የኖርኩት?»

እማማ ቁልፍ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰሃን አንስተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሌሎቹ መሃል አስቀመጡት። ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡበት። «ስድስት ክፍል?» አሉ። «እንግዲያ ስድስት ጊዜ ተምረሻላ! ይኼ ሁሉ ምሕረት ተርፎሽ ምን ታስለቅሺናለሽ? እኔ እንኳ ለአንዱ ነው ቀኑን ሙሉ የተንከራተትኩት።»

ምራታቸው ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው ያልለየ ድምፅ አወጣች። ድንገት ዞር ዞር አለች፣ ስልኳን ፍለጋ። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ እጇ ግን በሕፃኗ ተይዟል። «ይያዙልኝ እስቲ አንዴ» አለችና ሚጢጢን እማማ ቁልፍ ጭን ላይ አስቀምጣ፣ ስልኩን አንስታ ወደ ጓዳ ሮጠች።

እማማ ቁልፍ አልተነቃነቁም። ትንፋሻቸውን እንኳ የሳቡት በጥንቃቄ ነው። ሚጢጢ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አሁንም አየቻቸው፣ ከዚያ ይህችን ሴት የምታውቃት ይመስል አገጫቸው ስር ተሸጎጠች። እንዲህ ሞቅ ያለች፣ እንዲህ ከባድ መሆኗን ማን ነግሯቸው! ልጃቸው ዳቦ ቆርሶ ሰሃናቸው ላይ አስቀመጠ፣ እሳቸው ግን የሚበሉበት እጅ አልነበራቸውም፣ አልፈለጉምም። ጓዳ ውስጥ ስልኩ ብዙ ጠራ።

«እማ?» አለ የምራታቸው ድምፅ። «እኔ ነኝ… አዎ፣ እኔ ነኝ። አትዝጊብኝ። እማ፣ ማሪኝ።» በዚያኛው ጫፍ ያለችው ሴት ረጅም ነገር ትናገር ነበር፣ ወይም ታለቅስ ነበር። ፍሪጅ ጠጋኙ ማንኪያውን አስቀመጠ። በመጨረሻ ከጓዳው በእንባ የራሰ ሳቅ ተሰማ። «አይ፣ ገና አልበላሁም እማ… አዎ፣ ቀርቧል፣ ልበላ ነው… ከማን ጋር? ከእሱና ከእናቱ ጋር። አዎ እማ፣ አብረን።»